በተውሶ ቅላጼ ቤት ፍለጋ

ስለ እንግሊዝኛ ቅላጼ ለመጻፍ የሚያበቃ ትምህርት የለኝም። ያለኝ ማስረጃ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲታክ በሚባለው የሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ በአንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ሳሎን ውስጥ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፌ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መቆሜ ብቻ ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን እጽፋለሁ። የምጨምረው የለኝም፤ ብጨምርም የሚያምነኝ አላገኝም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አማርኛ ስንናገር ጎጃሜው ከወሎዬው፣ ሸዌው ከጎንደሬው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለያል። እኛ ሲያትል የምንኖር ሰዎች እንግሊዝኛ ስንናገርም እንለያለን፤ ነገር ግን እንግሊዝኛችን የሚያሳብቀው የተወለድንበትን ሳይሆን የመጣንበትን መንገድ ነው። በናይሮቢ በኩል የመጣ ሰው ቃላቱን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ሚኒሶታ ጥቂት ክረምት ያሳለፈ ሰው «ኖ» ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ አስፋልት ያሻግራል። በቀጥታ ከአገር ቤት የመጣ ደግሞ የአስተማሪውን አፍ ይዞ ይመጣል፤ አስተማሪው ህንዳዊ ከነበሩ ተማሪውም ሲናደድ ህንዳዊ ነው።

የእኔ የሬዲዮ እንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ በዘጋቢነት ስሠራ የአጭር ሞገድ ዜና እያዳመጥኩ የተማርኩት ስለሆነ፣ ወተት ስገዛ እንኳ የሆነ አገር መንግሥት የወደቀ ይመስላል። እዚህ የተወለደችው ልጄ በእንግሊዝኛ «ዳዲ፣ ሰበር ዜና ትመስላለህ» ብላኛለች። አስተያየቷን በጸጋ ተቀብያለሁ።

የሲያትል ተወላጆች ራሳቸው «እኛ ቅላጼ የለንም» ይላሉ። አባባሉ ውሃ ሽታ የለውም እንደማለት ነው። የሚናገረው ዓሣው ነው፤ ዳር የቆመውን የጠየቀ የለም።

ከዚህ ሁሉ የተነሳ ድምፅ የመዋዋስ ልማድ አለን። ከስልክ ኩባንያ ጋር የሚጣላ፣ ከመብራት ቢል ጋር የሚሟገት፣ ቀጠሮ የሚያስለውጥ ሰው ጉዳዩን ራሱ አይናገርም። ለጉዳዩ የሚስማማ ቅላጼ ያለው ሰው ፈልጎ ስልኩን ያቀብለዋል። ድምፁን ያዋሰውም ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «አዎ፣ ዘነበ ነኝ» ይላል፤ እውነተኛው ዘነበ አጠገቡ ቆሞ በምልክት ያርመዋል። የዚህ ልውውጥ ማዕከል የሙኒራ ሱቅ ነው። ሙኒራ ከቡታጅራ የመጣች፣ በርበሬና ጤፍ የምትሸጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ረጅም ገመድ ያለው ስልክ የያዘች ሴት ናት። የትኛው ቅላጼ ለየትኛው ጉዳይ እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

«ለመብራት ቤት ጋሽ ተሰማን» ትላለች። «ሳይገባቸው እሺ ይላሉ። ለትራፊክ ፖሊስ ጋሽ በቀለን፤ እየሳቀ ይረሳዋል። ሐኪም ጋር ግን የራስህን አፍ ይዘህ ሂድ። አለዚያ የሰው ሆድ ያክሙልሃል።»

ጋሽ ተሰማ ድሮ ስኮትላንድ የተማሩ የውሃ መሐንዲስ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ለሲያትል ቅርብ በሆነችው ታኮማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። «ር» ያለበት ቃል ሲያገኙ ከገደል እንደሚወርድ ድንጋይ ያንከባልሉታል። ጋሽ በቀለ አሜሪካን ያወቁት ቴክሳስ፣ ሂውስተን ውስጥ፣ በአንድ መጋዘን ሳጥን ሲጭኑ ነው። አሁን ሶዶ ይሠራሉ። ሶዶ ስል የእኛን አገር ሶዶ አይደለም፤ ከሲያትል መሃል ከተማ በስተደቡብ ያለውን የመጋዘን ሰፈር ነው። የእሳቸው እንግሊዝኛ ይለጠጣል፣ ይጋደማል፣ አረፍ ብሎ ደግሞ ይነሳል።

አንድ ቀን ሁለቱን ምሳ ጋብዤ ልዩነቱን በዓይኔ አየሁ። ሁለቱም ያዘዙት ሾርባ ነበር። አስተናጋጇ ጋሽ ተሰማን «ፕሮፌሰር ነህ?» አለቻቸው። ጋሽ በቀለን «ሜኑውን ላንብብልህ፣ የኔ ማር?» አለቻቸው። ለመዝገብ ያህል፣ ጋሽ በቀለ አገር ቤት የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። ያለ መነጽር ሜኑ ማንበብ የማይችሉት ጋሽ ተሰማ ናቸው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዘነበ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ለዓመታት የጠበቀው የሚስቱና የሦስት ልጆቹ ቪዛ ወጣ። ትኬታቸው ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቆረጠ። አሁን ያለበት ቤት ውስጥ እሱ ራሱ የሚተኛው ሶፋ ላይ ነው። አራት ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ሶፋ ላይ አይተኛም።

ለሥራው ቅርብ፣ ለትምህርት ቤትም ቅርብ የሆነ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አገኘ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት በር ካለው ቤት ግማሹ ነው፤ በሌላው ግማሽ ባለቤቷ ይኖራሉ። መስኮቱ ላይ «የሚከራይ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ማክሰኞ ደወለ። አንዲት ሴት አንስተው ተይዟል አሉትና ዘጉ። ረቡዕ በዚያ ሲያልፍ ጽሑፉ አለ። ሐሙስም አለ።

«ሶ፣ ምን ይባላል ይሄ?» አለን፣ እኔና ሁለቱ ሽማግሌዎች ወዳለንበት ሙኒራ ሱቅ ገብቶ። ፊቱ ጠቁሯል። «ኮል አደረግኩ፣ ተይዟል አለችኝ። ሳይኑ ግን እስከ ዛሬ አለ።»

«አክሰንትህ ነዋ ዘኔ!» አለች ሙኒራ። «አንተ ሄሎ ስትል እኮ መርካቶ ድረስ ይታያል።»

«አንድ ስልክ ማስረጃ አይሆንም» አልኩ። «ማንሳት ረስተው ሊሆን ይችላል።»

«እሺ ጋዜጠኛው፣ አጣራ እንግዲህ» ብላ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ገፋችው።

ማጣራቱ የተጀመረው በጋሽ ተሰማ ነው። የደወሉት በሙሉ ክብራቸው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ነው። «ክብርት እመቤት» ብለው ጀመሩ። ከወዲያኛው ጫፍ «ምን?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ደገሙት። «ምን?» አሁንም ደገሙት፤ በሦስተኛው «ር»ዎቹ ከብዛታቸው የተነሳ ስልኩን ያርገበግቡት ነበር። ሴትየዋ «ኢንሹራንስ አልፈልግም» ብለው ዘጉ።

«አላዋቂ ናት» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ግላስጎው ውስጥ ይህን ሕፃን ይሰማዋል።»

«ግላስጎው ቤት አልፈለግንም ጋሼ» አለች ሙኒራ። «ጋሽ በቀለ፣ ይምጡ እስቲ።»

ጋሽ በቀለ ስልኩን በትከሻና በጆሯቸው መካከል ወትፈው፣ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሴትየዋን ስለ ጤናቸው ጠየቁ፤ ስለ ዝናቡ አዘኑላቸው። ከየት ነህ ሲሏቸው ከሂውስተን አሉ። ሴትየዋ «እውነት ከሂውስተን?» አሉ። ከዚያ «ቤቱ አለ፤ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ና» አሉና ዘጉ።

እንግዲህ እንደ ዘጋቢ የተረጋገጠው ይህ ብቻ ነው፤ ቤቱ አልተያዘም። ሱቁ ውስጥ ግን እልልታ ሆነ። እልልታው ካለቀ በኋላ ነው ሙኒራ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችው።

«ቆይ ግን፣ ቤቱን ያገኙት ጋሽ በቀለ፣ የሚገባበት ዘነበ። ቅዳሜ ማን ሊሄድ ነው?»

ሁላችንም ዘነበን አየነው።

«እኔ ብሄድ ድምፄ ይለያል» አለ። «ጉንፋን ይዞኛል ብልስ?»

«ጉንፋን ሰውን ከቴክሳስ አዲስ አበባ አይወስድም» አልኩት።

መፍትሔውን ያመጡት ጋሽ ተሰማ ናቸው። ሽማግሌ ይላክ አሉ። ሰው የሰውን ቤት ሲፈልግ ራሱ ሄዶ ስጡኝ አይልም፤ የሚያከብሩትን ሰዎች ይልካል፤ እነሱ ስለ ልጁ ይናገራሉ። ሴት ልጅ የሚጠየቀው በዚህ ወግ ከሆነ ሁለት መኝታ ቤት በምን ያንሳል? አሜሪካውያን ቤት የሚያከራዩት በዚህ ዓይነት እንዳልሆነ አስረዳሁ። ተቃውሞዬ ተሰማ፤ ከዚያ ውድቅ ሆነ። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይሄድም፤ ሦስተኛ ሰው ጎደለ። ዕድሜዬ ለወጉ ትንሽ ያንሳል፤ ፀጉሬ ግን ያሟላል ተባለ።

ዘነበ ቅዳሜ ዕለት ያለውን አንድ ሱፍ ለብሶ በመኪናው ወሰደን። ሙኒራ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አስታቅፋኛለች፤ ገና ትኩስ ነው። ቤቱ ጋ ስንደርስ ዘነበ ከእኛ ጋር ሊወርድ በሩን ከፈተ።

«የት ነው?» አሉት ጋሽ ተሰማ።

«ልገባ ነዋ።»

«ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ይገባል እንዴ? ተቀመጥ። ሲፈቀድ ትጠራለህ።»

ዘነበ በሩን ዘግቶ መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኛ በዕድሜ ቅደም ተከተል በሩ ላይ ተሰለፍን።

ሚስስ ዶሪን፣ የቤቱ ባለቤት፣ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱ። ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ አሮጊት ናቸው። የሚያዩት ሦስት ባለ ሱፍ ጥቁር ሽማግሌዎች ነው፤ አንዱ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። «ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አሉ፣ ሰባኪዎች መስለናቸው።

«ስለ ቤቱ ነው ማዳም፣ ተቀጣጥረናል» አልኩ። ሰንሰለቱ እያመነታ ተነሳ።

እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው የሴትየዋን ንግግር በአንተ ነው የምጽፈው። ጋሽ ተሰማ ይህን አይወዱም። እሳቸው ጉድለቱን ለማካካስ በየዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሁለት ማዳም ይጨምራሉ።

«ተቀመጡ» አሉን ሳሎን ስንገባ።

«አንቀመጥም ማዳም» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ለምን?»

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም ማዳም።»

ሚስስ ዶሪን ገመድ አልባውን የቤት ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አውሮፕላን መጣ። ሲታክ አጠገብ የሚኖር ሰው ወሬውን በአውሮፕላን መሃል መሃል ነው የሚያወራው፤ ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ዝም ይላል፣ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛም ቆመን፣ እሳቸውም ተቀምጠው፣ እየተያየን ጠበቅን።

አለፈ። ጋሽ ተሰማ ስለ ዘነበ ዘር ጀመሩ። አባቱ የተከበሩ መሆናቸውን፣ አያቱ እርቅ አውራጅ እንደነበሩ ተናገሩ። ሴትየዋ ጆሯቸውን አዘንብለው ከድንጋዮቹ መሃል ቃል ይፈልጋሉ። «በዘሩ ውስጥ ማዳም» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ይህ በወጉ ትልቁ ምስክርነት ነውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሰው የገደለ የለም።»

ይህኛው ገባቸው። «ማን ነው የገደለ?»

ነገሩን ማብረድ የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቼ፣ ዳቦዬን እንደታቀፍኩ፣ ባለኝ ብቸኛ ድምፅ «እስካሁን በደረሰን መረጃ መሠረት የተገደለ ሰው የለም» አልኩ።

ሚስስ ዶሪን ፖሊስ ሊጠሩ የስልካቸውን ቁልፎች መንካት ጀመሩ።

«እንዴ፣ እንዴ፣ ኧረ ተዉ!» አሉ ጋሽ በቀለ በአማርኛ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በራሳቸው እንግሊዝኛ ቀጠሉ። እኛ የመጣነው በደህና ነው፤ ይህ ዳቦ ነው፤ ልጁ ጨዋ ነው፤ ሚስትና ልጆች እየመጡበት ነው። ቃሉ ሁሉ እየተለጠጠ፣ እየተጋደመ፣ እንደ ሞቀ ቅቤ ሳሎኑ ውስጥ ፈሰሰ። ነገር የበረደ መሰለኝ። የሴትየዋ ፊት ግን በቁጣ ደም መስሏል።

«ሮይ ነው የላከህ?» አሉ።

«ማን?»

«የባሌ ወንድም። ስንት ከፈለህ? ይህን አፍ ቤቴ ድረስ አምጥተህ በእኔ እንድትጫወት የላከህ እሱ ነው። በስልክም ጠርጥሬ ነበር።»

ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ «ጥል አለባቸው፤ ማስታረቅም ሊኖርብን ነው» አሉ።

የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ራሳቸው በቁጣ እንደተናገሩት አስቀምጣለሁ። ሚስስ ዶሪን የሲያትል ሰው አይደሉም። ከቴክሳስ ጎረቤት ከአርካንሳ ተራሮች በሙሽርነት የመጡ ናቸው። እዚህ አንድ ቢሮ ስልክ የማንሳት ሥራ ያዙ። የሚደውሉት ሰዎች ያሉትን ያስደግሟቸው ነበር፤ ስላልገባቸው ሳይሆን ለመሳቅ። አንዳንዱ ጓደኛውን ጠርቶ ያሰማ ነበር። በመጨረሻ አለቃቸው ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ ግን ደንበኛ ሲሰማሽ ቀርፋፋ ትመስይዋለሽ ብሎ መስኮት ወደሌለው የፋይል ክፍል አወረዳቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ሮይ ማዕድ ላይ ተነስቶ እንደ እሳቸው እያወራ ቤተሰቡን ያስቅ ነበር። እና መስታወት ፊት ቆመው አፋቸውን ለወጡ። ዓመታት ፈጀባቸው። እኔም ልብ ብዬ ሳዳምጥ እንግሊዝኛቸው እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ነው፤ አንድ ቦታ ሽብሽብ የለውም።

«አንተ ደግሞ» አሉ ጋሽ በቀለን፣ «ከአፍሪካ መጥተህ በእኔ ሳሎን የእኔን አፍ ታሾፍበታለህ።»

ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያኔ ቤቱ አልቆለታል ብዬ ነበር። በመስኮቱ በኩል ዘነበ ይታየኛል፤ ከረባቱን ያስተካክላል።

«ሌላ የለኝም ማዳም» አሉ ጋሽ በቀለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ሌላ እንግሊዝኛ የለኝም። ስመጣ ከመጽሐፍ የተማርኩት ነበር፤ ማንም አልሰማኝም። መጋዘኑ ውስጥ አጠገቤ የሚጭን አንድ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ያለውን አልኩ። ሌላ የሰጠኝ የለም።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጋሽ በቀለን አዩዋቸው።

«የት ነው ይሄ መጋዘን?»

«ሂውስተን።»

«ሂውስተን አይደለም» አሉ። «ያ ሰው የሂውስተን ሰው አይደለም። ከምሥራቅ ቴክሳስ ነው፣ ከጥድ ደኑ። አርካንሳ ጠረፍ።»

ጋሽ በቀለ ዓይናቸው ተከፈተ። «እንጨት ቆራጭ ነበር አባቱ።»

«ታዲያ! ያኔ በስልክ ስለ ዝናቡ ስትናገር ቃሉን ሁለት ቦታ ሰበርከው። እንደሱ የሚሰብሩት እዚያ ብቻ ናቸው። አጎቴ እንደዚያ ነበር የሚያወራው።» ይህን ሲሉ የእሳቸው ንግግርም አንድ ቦታ ተጨማደደ። እኔ ሰማሁት። እሳቸውም የሰሙት ይመስለኛል፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

በዚህ መሃል ጋሽ ተሰማ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ነው። የሽማግሌ ወግ በታሪኩ እንዲህ ተሰብሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲቀመጡ «ይህ እንደ መልስ እንዳይቆጠር» ብለው በአማርኛ አስታወቁ።

እኔ ግን አንድ ነገር አልተጣራልኝም። «ሚስስ ዶሪን» አልኩ፣ «ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሰው ደውሎ ቤቱ ተይዟል ተብሏል። ስልኩን ያነሳው ማን ነው?»

ጋሽ ተሰማ በጫማቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን መቱኝ። «ሽማግሌ አይመረምርም!»

«እኔ ነኝ» አሉ ሴትየዋ።

«ተይዞ ነበር?»

«አልነበረም።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነው የዘጋቢ ሥራ።

«የሚለው አልገባኝም» አሉ። «አንድ ጊዜ ድገም አልኩት። ደገመ። አሁንም አልገባኝም። ሁለተኛ ድገም ማለት አቃተኝ። ድገም መባል ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ተይዟል ማለት ቀለለኝ።»

ያሉት ይህ ነው፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ አልችልም። ማረጋገጥ የምችለው፣ ለማክበር ይሁን ለመናቅ፣ ለዘነበ ውጤቱ አንድ እንደነበር ነው። ለማሰብ ያህል ለራሴ የያዝኩትን ይህን አስተያየት፣ ሳላስበው በሰበር ዜና ድምፅ ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሯል። ማንም አልተቆጣኝም።

«ያ የደወለው ሰው አሁን የት ነው?» አሉ ሚስስ ዶሪን።

«መኪና ውስጥ።»

ተነስተው መጋረጃውን ገለጡ። ዘነበ እንደተውነው ቀጥ ብሎ መሪ ይዟል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ? ለምን አልገባም?»

«እርስዎ እሺ ሳይሉ አይገባም» አሉ ጋሽ በቀለ።

ሴትየዋ ዘነበን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አነሱ። «እንዲደውልልኝ ንገሩት። እንደ ማክሰኞው። ራሱ።»

ጋሽ በቀለ ከሞባይላቸው ደወሉለት። «ዘኔ፣ ሴትየዋ ጋ ደውል። አዎ፣ አሁን። ከመኪናው።» ከዚያ የዘነበ ጥያቄ ለእኛም ተሰማን፤ ፍጹም ከልቡ ነው የጠየቀው።

«ማን ነኝ ልበል?»

ጋሽ በቀለ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ዘነበ ነኝ በል» አሉት።

የቤቱ ስልክ ጠራ። ሚስስ ዶሪን አነሱ። እኛ የምንሰማው የእሳቸውን ወገን ብቻ ነው፤ የዘነበን ከንፈር በመስኮት እናያለን፤ አንድ እጁ ያብራራል።

«ሄሎ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ድገምልኝ።» ቆም አሉ። «አልገባኝም። ድገምልኝ። አይ፣ ችግሩ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ። ቀስ በል።»

አውሮፕላን መጣ። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ሁለቱም ግን አልዘጉም። ዘነበ አንገቱን አስግጎ የአውሮፕላኑን ሆድ እያየ አሳለፈው። ሚስቱና ልጆቹ ያሉበት አውሮፕላን እስኪመጣ ቀን ሲጠብቅ የከረመ ሰው ስለሆነ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ያያል።

«እሺ አሁን» አሉ ሴትየዋ ድምፁ ሲርቅ። «የገባኝን ልንገርህ፣ አንተ አርመኝ። ሚስት። አዎ። ሦስት ልጆች። ትልቋ ሴት ናት። ድገማት እሷን... ስሟን ነው? ድገመው።» ስሟን ራሳቸው ሞከሩት፤ በመስኮቱ ዘነበ ራሱን ግራና ቀኝ ሲነቀንቅ አየን፤ እንደገና ሞከሩት፤ አሁን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ። «ሐሙስ። ሐሙስ? የፊታችን ሐሙስ? አልጋ አላቸው? እንዴት አልጋ የላቸውም!»

እየተናገሩ ተነስተዋል። እየተናገሩ ወደ በሩ ይሄዳሉ። ንግግራቸው ፈጥኗል፤ ከፍጥነቱ የተነሳም የዚያ የተተኮሰ ሸሚዝ ቁልፍ ተፈትቷል፤ አርካንሳ ከነተራሮቹ እየወጣ ነው፤ እሳቸው ግን አሁን እጃቸውን ወደ አፋቸው አልወሰዱም። ጣሪያው ሥር ባለው ዕቃ ማስቀመጫ አንድ አልጋ አለ ይላሉ፤ የባላቸው ወንበር አለ ይላሉ፤ ግድግዳው ዘንድሮ አልተቀባም ይላሉ። ዘነበም ከመኪናው ወርዶ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ሣሩን አቋርጦ ይመጣል።

በሩ ተከፈተ። ሁለቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊት ቆሙ። አንዳቸውም ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም።

«ግባ» አሉት በስልክ። «የልጆቹ ክፍል በስተግራ ያለው ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል።»

ዘነበ በስልኩ ውስጥ፣ በጣም በትሕትና፣ «ይቅርታ ማዳም፣ አልገባኝም። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አላቸው።

ደገሙለት።